ሐዋሳ ላይ ዓሣ እያጠመዱ ለጋብቻ መጠየቅ፦ የሦስት ቀን ጉዞ አሠራር

«ፍቅረኛዬን ሐዋሳ ወስጄ ዓሣ እያጠመድን ቀለበት ልሰጣት አስቤአለሁ፤ እንዴት ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዘው ነው የሚመጡት፦ ጀልባው ሐይቁ መሐል፣ ዓሣው መንጠቆው ላይ፣ ቀለበቱ ደግሞ ክሩ ጫፍ ላይ ታስሮ። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው። ዓሣው ለብቻ፣ ቀለበቱ ለብቻ ይሁን። ጠዋት ውሃ ላይ ታጠምዳላችሁ፤ አመሻሹ ላይ ደረቅ መሬት ላይ ትጠይቃታለህ። ዓሣ ቀጠሮ አያከብርም። ጥያቄህን ዓሣው በሚነክስበት ደቂቃ ላይ ካንጠለጠልከው ቀኑን ሙሉ ክሩን ስትጠብቅ ትውላለህ፤ እርሷም አጠገብህ ተቀምጣ ብቻዋን ትውላለች።

እዚህ የምገልጸው በዝንብ ማጥመድን ነው፤ ማለትም በትል ወይም በሥጋ ሳይሆን ከላባና ከክር በተሠራ፣ ነፍሳትን ወይም ትንሽ ዓሣን በሚመስል መንጠቆ ማጥመድን። የምጽፈው ለጠያቂው ወንድ ነው። ጠያቂዋ ሴት ብትሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለማጥመዱ፦

- 2.7 ሜትር ርዝመት ያለው ቁጥር 6 ዘንግ (ቁጥሩ የሚወረውረውን ክር ክብደት ያመለክታል)። ቁጥር 5ም ያገለግላል፤ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ ግን 6 ክሩን የተሻለ ይገፋል። ለሁለት ሰው አንድ ዘንግ ይበቃል፤ ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታገኘዋለህ።
- በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ክር ከነመጠቅለያው። የክሩ ቁጥርና የዘንጉ ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዘንጉ አይታጠፍም ወይም ከልክ በላይ ይታጠፋል።
- 0.20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን የጫፍ ክር።
- ዝንቦች፦ ከቁጥር 10 እስከ 14 ያሉ ትንንሽ ጥቁር፣ ቡናማና አረንጓዴ፤ ከቁጥር 6 እስከ 8 ያሉ ረዘም ያሉ፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስሉ። በመንጠቆ ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑ እንደሚያንስ አትርሳ።
- ፒንሳና ጥፍር መቁረጫ።
- ለሁለታችሁም መነጽር፣ ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የሚጠጣ ውሃ።
- ለሁለታችሁም የነፍስ አድን ጃኬት። ጀልባው ላይ መኖሩን ከዋዜማው በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ።

ለቀለበቱ፦

- ቀለበቱና የወርቅ ቤቱ ደረሰኝ።
- ኪስ ውስጥ የማያብጥ ጠፍጣፋ ሣጥን፣ ዚፕ ያለው የውስጥ ኪስ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ጠንካራ የልብስ ስፌት ክር።

የዝንብ ዘንግ ከተማው ውስጥ እገዛለሁ ብለህ አትምጣ። ከውጭ በሚመጣ ሰው አስልክ ወይም ካለው ሰው ተዋስ፤ ይህንም ከጉዞው ብዙ ሳምንታት ቀደም ብለህ ጨርስ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጥ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል፤ ጎርፉም ውሃውን ያደፈርሰዋል። ዝንብ በጠረኑ ሳይሆን በመታየት ነው ዓሣን የሚስበው፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ያለው ዋጋ ትንሽ ነው።

ከዚያ የበዓላቱን ቀን ተመልከት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላም ጉዱማሌ በተባለው የበዓል ሥፍራ ሲከበር እንዲሁ ነው። ፍቼ በየዓመቱ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት ሰማዩን የሚያነቡት አያንቶዎች ስለሆኑ በቁርጥ ቀን አትገምተው፤ ለሆቴሉ ስትደውል ጠይቅ። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ መልካም ጊዜ ነው። ጸጥ ያለ ጥግ የምትፈልግ ከሆነ ግን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትን ተራ ቀናት ምረጥ። ቅዳሜና እሑድ የሐይቁ ዳር የእግር መንገድ በሰው ይጨናነቃል።

የጾሙንም ነገር አስብበት። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም በሚለው ላይ የየቤቱ ልማድ ይለያያል፤ የእርሷን ልማድ እንጂ የራስህን አትከተል። የዓሣ ጉዞ አዘጋጅተህ ገበታው ላይ ስትደርስ «እኔ አልበላም» ብትል ቀኑ በይቅርታ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ምን እንደምትወድ ቀድመህ እወቅ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንኑ ነው። ማወቅ ያለብህ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሰው ፊት መጠየቅን ትወዳለች ወይስ ታፍራለች? የጓደኛ ቀለበት ማሰሪያ ወይም የሠርግ ቪዲዮ አብራችሁ ስታዩ የምትለውን አዳምጥ። «እንዲህ ሰው ሰብስቦ!» ካለች መልሱን አግኝተሃል።

ሁለተኛ፣ ውሃና ጀልባ ትፈራለች? ከፈራች ጀልባውን ትተህ ማጥመዱን ከዳር አድርገው።

ሦስተኛ፣ ለእርሷ የቀለበቱ ጥያቄ ከሽማግሌ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሳይላክ ቀለበት እንደ ንቀት የሚቆጥሩ ከሆነ ቀለበቱን ለቀለበት ማሰሪያው ቀን አቆየው፤ ሐዋሳ ላይ የምትጠይቃት «ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ብለህ ይሆናል። ይህም ሙሉ ጥያቄ ነው፤ ምንም አይጎድለውም።

ክፍል ስትይዝ ሁለት ያዝ። ገና አልተጋባችሁም፤ እናቷ ደውለው «የት ነሽ?» ሲሏት ሳትዋሽ እንድትመልስ የሚያደርጋት ይህ ነው። የተጨነቀች ሴት ጀልባ ላይም፣ ሐይቅ ዳርም ደስ አይላትም።

ደረጃ 3፦ የጣቷን መጠን ለካ

በዚያው ጣት ላይ የምታደርገውን ቀለበት ለአንድ ሰዓት ተዋስ፤ እኅቷ ወይም የቅርብ ጓደኛዋ ልትረዳህ ትችላለች። ቀለበቱን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ የውስጡን ክብ በሹል እርሳስ ንደፍ፤ ስፋቱን በሚሊ ሜትር ለክተህ ለወርቅ ሠሪው ስጥ። የውጩን ክብ ከነደፍክ ቀለበቱ ሰፊ ይሆናል። ተኝታ ሳለች ጣቷን በክር መለካት አልመክርም፤ ክር ይለጠጣል፣ እጅም ይንሸራተታል።

ጣት በሙቀትና በፀሐይ ያብጣል፤ በጠዋት ብርድና በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ይቀንሳል። ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለች በኋላ በልኳ የተሠራው ቀለበት መገጣጠሚያው ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ደረጃ 9 ላይ ዕረፍት ያስገባሁት በከፊል ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ጀልባውን ከዋዜማው ተስማማ

መጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወዳሉት ወደ አሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው) ወይም ወደ ፍቅር ሐይቅ (የመዝናኛው ዳር) ሄደህ ከባለጀልባ ጋር ተነጋገር። ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ እነዚህም ተስማማ፦

- ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ? ሦስት ሰዓት ይበቃል።
- ሞተሩ የማጥመጃው ቦታ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። የሞተር ድምፅ በዳር ያለውን ዓሣ ያርቃል፤ ክርም በሞተሩ መዘውር ይጠመጠማል።
- ጀልባው የአስጋሪዎች መረብ ወዳለበት አይጠጋም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ቡሽ ካየህ ከሥሩ መረብ አለ ማለት ነው። መረቡ የሰው እንጀራ ነው፤ መንጠቆህ ቢይዘው ክሩን ቆርጠህ ተው፣ አትጎትት።
- ጉማሬ ወዳለበት አይሄድም። በተለይ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ያለው ደንገልና ሸምበቆ ዳር ጠዋትና ማታ አደገኛ ነው። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ በእርሱና በውሃው መካከል መገኘት ሞት ያስከትላል።

በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከአስጋሪዎቹ ማኅበር ወይም ከአካባቢው የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ጠይቅ። ሐይቁን የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች ስለሚጋሩት በምሥራቁ ዳር የተነገረህ ለምዕራቡ ላይሠራ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሱሪ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሞ ማጥመድ በቪዲዮ ሲያዩት ያምራል። እዚህ ግን አታድርጉት። በሐይቁ ዳር፣ በተለይ ሣርና ሸምበቆ ባለበት፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ በሽታው የሚገባው በቆዳ ነው። ከጀልባ ወይም ከደረቅ ዳር አጥምዱ።

ደረጃ 5፦ ሣር ላይ ተለማመዱ

በዚያው በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ፣ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ወይም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ። መንጠቆ አታስሩ፤ በምትኩ የጣት ጥፍር የምታክል ቀይ የሱፍ ክር ቋጥሩ። ቀዩ ክር የት እንዳረፈ ይታያል፤ ሰውም አይወጋም።

በተራ መንጠቆ ስታጠምድ የሚበረው እርሳሱ ነው፤ ክሩ ይከተለዋል። በዝንብ ስታጠምድ ግን ዝንቡ ክብደት የለውም፤ የሚበረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ስለዚህ ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

1. ስድስት ሜትር ያህል ክር ከፊትህ ሣሩ ላይ ዘርጋ። የዘንጉ ጫፍ ወደ መሬት ይመልከት።
2. ዘንጉን ቀስ ብለህ ጀምረህ እያፈጠንክ ወደ ላይ አንሣ፤ ጫፉ ከራስህ ትንሽ እንዳለፈ በድንገት ቀጥ አድርገህ አቁም።
3. ጠብቅ። አንገትህን አዙረህ ክሩን ተመልከት፤ ከኋላህ ተዘርግቶ ቀጥ እስኪል ድረስ እጅህ አይንቀሳቀስ።
4. ቀጥ ሲል ወደ ፊት ግፋና ዓይንህ ፊት ላይ ስትደርስ አቁም። ክሩ ራሱ ይዘረጋል፤ ከዚያ ዘንጉን ዝቅ አድርግ።

ሁሉም ጀማሪ የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው። ከኋላህ እንደ ጅራፍ ጩኸት ከሰማህ አልጠበቅህም ማለት ነው፤ ሐይቁ ላይ ቢሆን ያ ጩኸት ዝንቡን ቆርጦ ይጥለዋል።

እርሷን ስታስተምር እጇን ይዘህ አትወርውርላት። ዘንጉን ስጣትና ከግራዋ ቁም፤ «አሁን ጠብቂ» ከማለት በቀር ዝም በል። በራሷ እጅ የተዘረጋውን የመጀመሪያ ክር ስታይ ነገ ጠዋት ለመነሣት ምክንያት ታገኛለች። ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱ ሲያጠምድ ሌላው የሚያይበት ጉዞ የሁለት ሰው ጉዞ አይደለም።

ደረጃ 6፦ መንጠቆውን አዘጋጅ፣ ቋጠሮውን እሰር

ይህን ማታ በመብራት ሥሩት። በእያንዳንዱ መንጠቆ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የሚያይ ትንሽ እሾህ አለ፤ በፒንሳ ጨምቀህ አስተኛው። እሾህ የሌለው መንጠቆ ከዓሣው አፍም፣ ከሰው ጣትም በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ጀማሪ ዘንግ በሚይዝበት ጀልባ ላይ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ቋጠሮው እንዲህ ነው፦ የጫፍ ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፍ፤ ጫፉን በራሱ ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዝ፤ ከዚያ ጫፉን ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተከፈተችው ትንሽ የክር ቀዳዳ ውስጥ አስገባ። ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበው። በደረቁ የተሳበ ናይለን በሰበቃ ይሞቃል፤ የሞቀበት ቦታ ይደክማል፤ ዓሣው ሲስበው የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ቀስ ብለህ ሳብ፣ ጥምዝምዞቹ ተደርድረው ሲጠጉ ጠበቅ አድርግ፣ ትርፉን ቁረጥ። በጣትህ ጎትተህ ፈትነው፤ መንጠቆውን በፒንሳ ያዝ እንጂ በእጅህ አትያዝ።

ቀለበቱን በዚያው ማታ ሆቴሉ ካዝና ውስጥ ቆልፍበት። ወደ ጀልባው አይሄድም። ወርቅ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ይሰምጣል፤ የሐይቁ ወለል ደግሞ ጭቃ ስለሆነ ጠላቂ ቢገባም አያገኘውም።

ደረጃ 7፦ ጠዋት ሐይቁ ላይ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ብርሃኑ በደንብ ሲገልጥ፣ ጀልባው ላይ ሁኑ። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል። ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላማ ማዕበሉ ጀልባውን ያናውጣል፣ ክሩንም መልሶ ወደ ፊታችሁ ያመጣዋል። ከ4 ሰዓት በፊት ወደ ዳር ተመለሱ።

የአቀማመጡን ሥርዓት ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙበት። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይወረውራል፤ አንድ ዘንግ ይበቃል ያልኩት ለዚህ ነው። ወርዋሪው ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ዳር ያዞራል፤ ቀኝ እጁ ወደ ጀልባው ጫፍ፣ ግራ እጁ ወደ ጓደኛው ይሁን። እንዲህ ሲሆን ክሩ የሚያልፈው በውሃው ላይ እንጂ በሰው ራስ ላይ አይደለም። ባለጀልባው ጀልባውን ነፋሱ ከወርዋሪው ግራ እንዲመጣ አድርጎ ያቁም፤ ከቀኝ የሚመጣ ነፋስ መንጠቆውን ወደ ወርዋሪው ፊት ይነዳዋል። ግራኝ ከሆነች ሁሉንም ገልብጡት። ማንም አይቁም፤ መነጽርም አይውለቅ።

የት እንወርውር? ከሸምበቆው ጠርዝ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ውጭ። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ዳር ዳሩን ይመገባል። ትንሹን አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዝንብ ወርውራችሁ ቀስ በቀስ እስኪሰምጥ ጠብቁ፤ ከዚያ ክሩን በግራ እጅ እንደ ጣት ርዝመት እየሳባችሁ፣ እያቆማችሁ አምጡት። ቆሮሶ ሲይዝ ዘንጉን አይመታም። የምታዩት የሚንሳፈፈው ክር ጫፍ በድንገት ቀጥ ሲል ወይም ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን ወደ ላይ ከማንሣት ይልቅ ክሩን በእጅ ረዘም አድርጎ መሳብ ይበልጣል፤ ዓሣው ባይያዝ እንኳ ዝንቡ ከአጠገቡ አይርቅም።

አምባዛ ወይም ቢልጫ የሚባሉትን ሌሎቹን የሐይቁ ዓሣዎች የምትፈልጉ ከሆነ ረዘም ያለውን ዝንብ እሰሩና ጥልቀቱ ወደሚጨምርበት ወርውሩ፤ አሳሳቡም ፈጠን ይበል። አምባዛ ሲይዝ ይታወቃል፤ ዘንጉን ወደ ታች ነው የሚያጎነብሰው።

ላይዝ ይችላል። ቆሮሶ አብዝቶ የሚመገበው ጥቃቅን አልጌ ስለሆነ ዝንብ የማይነካበት ጠዋት አለ። ያኔ ዝንቡን ወደ ትንሹ ቁጥር ቀይሩ፤ ካልሆነ ዘንጉን አስቀምጡና ዓሣ በል ንስሩንና ሻላ የሚባሉትን ትልልቅ የውሃ ወፎች ተመልከቱ። ጥያቄህ ምሽት ላይ ስለሆነ ምንም አልጎደለብህም።

ደረጃ 8፦ ዓሣውን አያያዝ

እጃችሁን ውሃ ውስጥ አርጥቡ። ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን የሚያዳልጥ ሽፋን ይልጠዋል። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ በእሾህ የተደረደረ ነው፤ መዳፋችሁን ከራሱ ወደ ጅራቱ እያንሸራተታችሁ እሾሁን አስተኙና ያዙት። አምባዛ ከራሱ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚወጋ ጠንካራ አጥንት አለው፤ ባለጀልባው ይያዘው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች የምትጠብቀው በአፏ ውስጥ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የመራቢያ ወቅት አፏን ስትከፍቱ ብጫማ እንቁላል ወይም ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ደቃቅ ጫጩቶች ካያችሁ መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለች አውጡና ወዲያው ልቀቋት። አየር ላይ ካነሣችኋት ሁሉንም ትተፋቸዋለች።

ማስጠንቀቂያ፦ መንጠቆ ሰው ከወጋ ወደ ኋላ በመጣበት አቅጣጫ ሳቡት፤ እሾሁን አስተኝታችኋልና ይወጣል። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጊዜ ካለፈም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይን ወይም የዓይን ቆብ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ክሩን ቆርጣችሁ ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 9፦ ብሉና ዕረፉ

የያዛችሁትን አሞራ ገደል ዓሣ ጠባሾቹ ዘንድ ውሰዱት፤ አጽድተው፣ ጎኑን ሰንጥቀው ይጠብሱላችኋል። በአዋዜና በዳቦ ይበላል። እዚያ ጥሬውን የሚበላ ታያላችሁ፤ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል የበሰለውን ምረጡ። በዚህ ቀን ሆድ ቁርጠት ማንም አይፈልግም።

ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ተለያዩ። እርሷ ትታጠብ፣ ትተኛ፣ ልብሷን ትቀይር። ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ባታውቅም ዓሣ በሚሸት ልብስ እንድትጠየቅ አታድርጋት። የእጇ እብጠትም ይወርዳል። አንተ በዚህ ጊዜ ቦታውን ሄደህ እይ።

ደረጃ 10፦ ጥያቄው

ከተማው በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ከሐይቁ ማዶ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ላይ ሁኑ፤ ፀሐይዋ የምትገባው 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ በቂ ብርሃን አላችሁ።

ሐይቅ ዳር ያለ የሆቴል አትክልት ቦታ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ጥግ ያለ ጠረጴዛ አስቀድሞ ይያዝልሃል፣ መጸዳጃ ቅርብ ነው፣ ቢዘንብም መጠለያ አለ። ታቦር ተራራ ላይ ሐይቁና ከተማው አንድ ላይ ይታያሉ፤ ግን መውጣቱ ያልባል፣ ከመሸም ቁልቁለቱ ያስቸግራል። የፍቅር ሐይቅ የእግር መንገድ ሰው ፊት መጠየቅ ለምትወድ ብቻ ይሁን።

1. ቀለበቱን ሳትወጡ ከካዝናው አውጣ። በስፌት ክሩ አሥረህ የክሩን ሌላ ጫፍ ከኪስህ ዚፕ ጋር ቋጥር፤ ሣጥኑ ባዶውን ሌላ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። እጅህ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ቀለበቱ ሣር ውስጥ አይገባም።
2. ጠረጴዛው ላይ ምግብ እንዳይኖር አድርግ። የሐይቁ ዳር ጦጣዎች ሰው አይፈሩም፤ ሣጥን ሲከፈት የሚበላ ነገር መስሏቸው ነጥቀው ዛፍ ላይ ይወጣሉ። አስተናጋጁ ዳቦውን አንሥቶ ከሄደ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው።
3. ፎቶ የሚያነሣ ሰው ካለ ፀሐይዋን በጎን ያድርጋት። ከጀርባችሁ ከሆነች ፊታችሁ ይጠቁራል።
4. የምትለውን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅ፤ በቃልህ አጥናው። ስሟን ጥራ። ለምን እርሷ እንደሆነች አንድ እውነተኛ ነገር ንገራት፤ የዛሬውን ጠዋት ብትጠቅስ ደግሞ ከየትም እንዳልተገለበጠ ታውቃለች። ከዚያ ጥያቄውን ግልጽ አድርገህ ጠይቅ፦ «ታገቢኛለሽ?»
5. ዝም በል። ሣር ላይ እንደተለማመድከው ጠብቅ። ብታለቅስ፣ ብትስቅ፣ «ቆይ» ብትል፣ ቃል አትጨምር። «ላስብበት» ካለች ቀለበቱን ወደ ኪስህ መልስ፤ አትለማመጥ፣ በቀረው የጉዞ ቀንም ጥያቄውን አታንሣ።

ደረጃ 11፦ ከእሺታ በኋላ

ፎቶውን ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አትልቀቁ። መጀመሪያ እናቷ ከእርሷ አንደበት ይስሙ፤ ከዚያ የአንተ ወላጆች። አባቷ ከጎረቤት ስልክ ላይ ፎቶውን ካዩ የምትልካቸው ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ቅሬታ ነው። የሽማግሌዎቹን ማንነትና ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ከወላጆችህ ጋር ቁረጥ። የሠርጉን ወር ስትነጋገሩ በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን እንደማታጋባ አስቡ።

ሦስተኛው ቀን ባዶ ይሁን። ሁለታችሁም ማጥመዱን ከወደዳችሁትና ተጨማሪ ቀናት ካሏችሁ በሻሸመኔ፣ ዶዶላና አዳባ በኩል ወደ ዲንሾ መሄድ ትችላላችሁ። በባሌ ተራሮች ባሉት እንደ ወይብ ባሉ ወንዞች ውስጥ ትራውት አለ፤ በዝንብ ለማጥመድ ከቆሮሶ ይልቅ የሚመቸው እርሱ ነው። ትራውት ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ስለሚፈልግ ሐዋሳ ላይ አይገኝም። ፈቃዱን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ጠይቁ። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ በመጀመሪያው ቀን ዳገት አትሩጡ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

*ቀለበቱን መንጠቆ ላይ ማሰር።* ቋጠሮ ይፈታል፣ ክር ይበጠሳል፣ ዓሣም ይውጠዋል። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል።

*ሁሉንም በአንድ ቀን ማድረግ።* ከአዲስ አበባ በመኪና ስትመጡ የቀኑ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ደክሟት ደርሳ በዚያው ማታ የምትጠየቅ ሴት መልሷን እንጂ ደስታዋን አትሰጥህም።

*ባለጀልባውንና አስተናጋጁን ምሥጢር መንገር።* ለባለጀልባው መንገር አያስፈልግም። ለአስተናጋጁ «ጠረጴዛው በ11 ሰዓት ተኩል ባዶ ይሁን» ይበቃዋል። ብዙ ሰው ካወቀ አንዱ «እንኳን ደስ አለሽ» ይላታል፣ ያውም አንተ ሳትጠይቃት።

*ዘንጉን ርጥብ አድርጎ መጠቅለል።* ማታውኑ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፤ መጠቅለያውን ፍታና ለአንድ ሌሊት አየር ይንካው።

*ቀለበቱ እንዳልገባ ሲታወቅ መግፋት።* በጉልበት የገባ ቀለበት ጣት ሲያብጥ አይወጣም። ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ መልሰህ አውጣና በትንሹ ጣቷ ላይ አድርግላት፤ በማግስቱ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ወርቅ ቤቱ ደውሉ። አብዛኛው ለስላሳ የወርቅ ቀለበት ይሰፋል፣ ይጠብባልም። ዙሪያውን በሙሉ ፈርጥ የተደረደረበት ግን አስቸጋሪ ስለሆነ ስትገዛ ፈርጡ በአንድ በኩል ብቻ ያለውን ምረጥ።